የሚስቀው እግር

ጋሽ ፈገግ እናቱ ያወጡለት ሌላ ስም አለው፤ ያንን ስም ዛሬ የሚያውቀው ግን መታወቂያው ብቻ ነው። ሰፈርተኛው ጋሽ ፈገግ የሚለው ፎቶ አንሺ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉም «ፈገግ በሉ» ሲል ስለኖረ ነው። ለመታወቂያ የመጣውን ፈገግ በል ይለዋል። ለሠርግ የመጡትን ፈገግ በሉ ይላቸዋል። አንዴ እንዲያውም ጉንጩ በጥርስ ሕመም ያበጠ ምስኪን ጉርድ ፎቶግራፍ ፈልጎ ቢገባ፣ ፈገግ ካላልክ አላነሳህም ብሎ አስጨነቀው፤ ሰውዬው እንባውን እያፈሰሰ ፈገግ አለለት። ያ ፎቶ እስካሁን በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ላላወቀ ሰው ሎተሪ የወጣለት ይመስላል።

ፎቶ ቤቱ ከመንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ናት። ከበሩ ሲገቡ በግራ በኩል ወንዝ ከገደል ሲወርድ የተሣለበት ትልቅ ሸራ አለ። ሸራው ከእንጨት ፍሬሙ ጋር የተያያዘው ራሳቸው ሰፋፊ በሆኑ አጫጭር ሚስማሮች ነው። በቀኝ በኩል ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ ሰው ይዞት እንዳይሄድ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ፣ ፊታቸው ለሚያብለጨልጭ ደንበኞች የሚሆን ፓውደር፣ እንዲሁም ኮት ለሌለው ሁሉ ኮት የሆነ አንድ ጥቁር ኮት አለ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ በመታወቂያው ላይ የለበሰው ይህንኑ ኮት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ፖሊስ መታወቂያ ሲያይ ቆይቶ፣ እናንተ ሰዎች ቤተሰብ ናችሁ ወይ ብሎ ጠይቋል ይባላል።

ስኳር እንዳለበት የታወቀው በውኃ ነው። አንድ ሰሞን ጋሽ ፈገግ ውኃ ጠጥቶ አልጠግብ አለ። ማሰሮ ሙሉ ውኃ ከካሜራው እግር ሥር አስቀምጦ ይጎነጫል፤ ከዚያ ሙሽሮቹን አቁሞ፣ ፈገግ አስብሎ፣ አንዴ ቆዩኝ ብሎ ወደ ጓሮ ይሮጣል። ሲመለስ ሙሽሮቹ ያንኑ ፈገግታ እንደያዙ ደርቀው ይጠብቁታል። ደግሞ አንዴ ቆዩኝ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታስገባ የኖረች ዓይን ምንም አያመልጣትም። ሱሪው በወገቡ እየሰፋ መሄዱን፣ ሌሊት ሌሊት ከአልጋ መመላለሱን አየችና እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ደሙ ታየ። ስኳር ነው ተባለ። ጋሽ ፈገግም ሐኪሙን፣ ላነሳህ ነበር፣ ለምን ፊትህን ታጨማድዳለህ፣ ፈገግ በል እንጂ አለው።

በጤና ጣቢያው የስኳር ሕሙማንን የምታስተምረው ሲስተር ነበረች። ሲስተር ሰውነቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ናት። ሁሉንም ጋሼ፣ እማማ፣ ወንድሜ እያለች በአንተና በአንቺ ታጫውታለች፤ ስትቆጣ ግን ድንገት «እርስዎ» ማለት ትጀምራለች። ሲስተር እርስዎ ያለችው ሰው ያን ቀን ምሳ አይበላለትም። በየወሩ አንድ ጠዋት ከመድኃኒት ክፍሉ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ሰብስባ ታስተምራቸዋለች። ኪኒን ደህና ነኝ ተብሎ አይተውም። ጫማ ከመልበስ በፊት አራግፉ። ውኃ በክርን እንጂ በእግር አይለካም። የዘወትር አባባሏም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ነበር፤ ይህን ስትል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ራስ መነቅነቅ ደግሞ ምን ያስከፍላል።

አብዝታ የምትሰጋው ለእግር ነው። ስኳር በደም ውስጥ በዝቶ ሲቆይ የእግርን ስሜት ቀስ እያለ ይወስደዋል፤ እግር ስሜት ካጣ ቁስል አያሳምምም፤ ያላመመ ቁስል አይታከምም፤ ያልታከመ ቁስል ደግሞ እግር ይዞ ይሄዳል ትላለች። ይህን የምታጣራበት አንድ የናይለን ክር አላት፤ ድርቅ ያለ፣ ከዓሣ መንጠቆ ክር ትንሽ ወፈር ያለ። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ እሷ ክሩን እስኪታጠፍ ድረስ ውስጥ እግሩ ላይ እዚህም እዚያም ትጫነዋለች፤ የተሰማው «አለ» ይላል።

ተራው የጋሽ ፈገግ የደረሰ ዕለት እንግዲህ ጉድ ሆነ። ጋሽ ፈገግ ከልጅነቱ ጀምሮ ውስጥ እግሩን ሲነኩት አይችልም። ሲስተር ክሩን ጫን ማድረጓ፣ ሰውዬው ከወንበሩ ተነስቶ መፈንጠሩ፣ የመድኃኒት ትሪውን በእርግጫ ማለቱ አንድ ሆነ። የጥጥ ጥቅልሉ በፊተኛው ወንበር በተቀመጠው ሃምሳ አለቃ ራስ ላይ አረፈ። ጋሽ ፈገግ መሬት ላይ ተንከባሎ ይስቃል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። ሃምሳ አለቃው፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ጥጡን በራሱ ላይ እንደተሸከመ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሁሉም አሁን እርስዎ ልትለው ነው ብሎ ሲጠብቅ ሲስተር ራሷ በሳቅ ፈረሰች። ዓይኗን እየጠረገችም፣ «አያችሁ?» አለች፣ «የሚስቅ እግር ጤነኛ እግር ነው።»

ጣጣውን ሁሉ ያመጣችው ያቺ አንዲት አባባል ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ፈገግ የክፍሉ ምሳሌ ሆነ። አዲስ ታካሚ በመጣ ቁጥር ሲስተር ከፊት ወንበር ላይ ታስቀምጠውና እግሩን ትነካለታለች፤ እሱ ይፈነዳል፤ ክፍሉ ይፈነዳል፤ የፈራው አዲስ ሰው ፍርሃቱን ይረሳል። ሳቅ ደግሞ ይጋባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሎቹም ሲነኩ መሳቅ ጀመሩ። ዳቦ ጋጋሪው ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ኪ፣ ኪ፣ ኪ ይላል። እማማ የሚሏቸው አሮጊት አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይንፈራፈራሉ። ሲስቅ ታይቶ የማያውቀው ሃምሳ አለቃ እንኳ ክሩ ሲነካው ወደፊት እያየ ሃ። ሃ። ሃ። ይላል፤ ሰልፍ የሚያስመታ ነው የሚመስለው። «አለ» የሚለው ቃል ተረሳ። ሲስተር ደስ ብሏት፣ እንደዚህ ያለ ክፍል የለኝም እያለች ለመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ታወራለች።

ጋሽ ፈገግም ከምሳሌነት አልፎ አስተማሪ ቢጤ ሆነ። ኪኒን እንዴት ከምግብ ጋር እንደሚዋጥ፣ ለምን እንደማይዘለል እንደ እሱ አሳምሮ የሚናገር አልነበረም። አፉ ማር ነው። ኪኒኑን ግን አይውጥም ነበር።

ክፋት አልነበረውም፤ ስሌት ነው። ኪኒኑ ሆዱን ያገላብጠዋል። የሚስቅ እግር ጤነኛ እግር ከሆነ፣ የእሱ እግር ደግሞ በአገር ፊት እየሳቀ ከሆነ፣ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ምን ሊያደርግለት ነው? ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልላ፣ ቁርስህን ስትበላ ብላ ትሰጠዋለች፤ እሱ ፎቶ ቤት ሲደርስ በዚያ በጥቁሩ ኮት ኪስ ውስጥ ይጨምረዋል። አንድ ወጣት ኮቱን ለብሶ ሊነሳ ሲል እጁን ኪሱ ውስጥ ቢከት ነጭ ነገር አገኘ፤ ከረሜላ መስሎት አፉ ውስጥ ጣለው፤ ልክ ሊተፋው ሲል ጋሽ ፈገግ አነሳው። የልጁ መታወቂያ እስከዛሬ ሎሚ የነከሰ ሰው መታወቂያ ነው። የማታውን ደግሞ ጋሽ ፈገግ ምላሱ ሥር ደብቆ ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ ነፋስ ልቀበል ብሎ ወጥቶ ጓሮ ላለችው ጽጌረዳ ያካፍላታል። ጽጌረዳዋ እስካሁን ስኳር አልያዛትም።

የሠርግ ነገርማ አይነሳ። ፎቶ አንሺ ያልተጠራበት ሠርግ የለም፤ ፎቶ አንሺን ኬክ ሳያበላ የሚሸኝ ደጋሽም የለም። ቆርሰህ ብላ ይሉታል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ጋሽ ፈገግም አያሳንስም። በማግስቱ በክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ወገኖቼ፣ ኬክ ጠላታችን ነው ይላል። ጠላቱን ከእሱ የበለጠ በቅርበት የሚያውቀው አልነበረም።

ነገሩ የተገለበጠው በአንድ ድምፅ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ቤቱን ሲጠርግ ቀጭ የሚል ነገር ሰማ። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። ሄደ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከሸራው ኋላ አየ፤ ምንም የለም። አይጥ ነው ብሎ የሚበላሹ ወረቀቶቹን ሁሉ ወደ ላይ ሰቀለ። ከዚያ የጎረቤቱ የሰዓት ጠጋኝ ሰዓት መስሎት ሄዶ፣ ወንድሜ፣ የግድግዳ ሰዓትህ ገደል ይግባልኝ፣ ጆሮዬን በላው ብሎ ተጣላው። ሰዓት ጠጋኙ ሰዓቶቹን ሁሉ አቆመለት። ጋሽ ፈገግ አመስግኖ ወጣ፤ ሲወጣም ቀጭ፣ ቀጭ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ የመጣች ደንበኛ ደግሞ፣ ጋሽ ፈገግ፣ ጫማህ እንዴት ያምራል፣ እንደ ዳንሰኛ ጫማ ይጮኻል አለችው። ደስ አለውና ቀኑን ሙሉ መሬቱን እየቀጠቀጠ ዋለ።

ወደ ማታ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል የግራው እምቢ አለ። ጎተተው። ሲወጣ ካልሲውን ይዞ ወጣ፤ ካልሲው በደም ርሷል። ጫማውን ገልብጦ ሲያይ ከሸራው የወደቀ አንድ ሚስማር ሶሉን ከታች ወደ ላይ በስቶ ገብቷል፤ ሰፊው ራሱ መሬት ሲመታ ነው ቀኑን ሙሉ ቀጭ ሲል የዋለው። ሹሉ የነበረው ደግሞ እሱ እግር ውስጥ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ግን እግሩም ባዳ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም የሰማውን ነገር እሱ ብቻ አልተሰማውም።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ጣቱን ልኮ ቁስሉ ዳር ዳር ነካ፤ ምንም። ማበጠሪያውን ከሲባጎው ፈታና በጥርሱ ውስጥ እግሩን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ቢጭረው የሌላ ሰው እግር መሰለው። ያን ጊዜ ሲስተር ስለ እግር የምትለው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለው፤ ራሱ በሚያምር ድምፅ ለሌሎች የደገመው ሁሉ ትዝ አለው። ፎቶ አንሺ ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው። አንድ እግር ያለው ፎቶ አንሺ ሙሽራ ፊት እንዴት ይቆማል? ከዚህ ደግሞ የባሰ የመሰለው ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት እግሩ አሁን ዝም ቢል ፊቱን የት ያደርጋል? ሞኝነቱን ተመልከቱ፤ እግሩ ሊሄድ ነው፣ እሱ የሚያዝነው ለጭብጨባው ነው። ሰው ግን እንዲህ ነው።

ቁስሉን ትንሽ ጨው በነሰነሰበት ውኃ አጥቦ፣ ፕላስተር ለጥፎ ቤቱ ገባ። ለባለቤቱ ምንም አልነገራትም። የጤና ጣቢያው ቀጠሮ ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈው እሱና መስታወቱ ያውቃሉ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በሩን ዘግቶ በመስታወቱ ፊት ሳቅ ይለማመዳል። ሰው ፈገግ ሲያሰኝ የኖረ ሰው የራሱን ሳቅ ማምጣት አቃተው። አንዱ እንደ ማልቀስ ይሆንበታል፤ ሌላው እንደ ማስነጠስ። በመጨረሻ የሚስማማ አገኘና ደጋግሞ አጠናው። ሰዓት ጠጋኙ በግድግዳው በኩል ሰምቶ፣ ምስኪን፣ ለካ በሰዓቱም የተጣላኝ ሊያብድ ሲል ነው ብሎ አዘነለት።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሁለት ነገር ቀረው። አንደኛው ቁስሉ ነው፤ ፕላስተር ካየች ትጠይቃለች። ስለዚህ ፕላስተሩን ላጠውና የሙሽሮቹን ፓውደር አምጥቶ እግሩን ለፎቶ እንደሚያዘጋጅ ሰው በደንብ ቀባው፤ ቁስሉ ጠፋ፤ እግሩ ከፊቱ ይልቅ አማረ። ሁለተኛው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ዓይን ተጨፍኖ፣ እግር ሳይሰማ፣ መቼ እንደሚሳቅ በምን ይታወቃል? ለዚህም መላ ነበረው። የሲስተር ወንበር አሮጌ እንጨት ነው፤ ወደ ታካሚው እግር ጎንበስ ስትል ሲጥ ይላል። ወንበሩ ሲጥ ካለ መሳቅ ነው።

ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ሃምሳ አለቃው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ እማማ፣ ሁሉም በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ሁለት አዳዲስ ታካሚዎችም ፊታቸውን አጨማድደው ከጥግ ተቀምጠዋል። ሲስተር ለእነሱ ስትል ጋሽ ፈገግን ከፊት አስቀመጠችው። ዓይንህን ጨፍን አለችው። ጨፈነ። የቀኙ እግር አላሳፈረውም፤ አንዳንድ ቦታ ገና ሕይወት ነበረው፤ የእውነት ሳቅ ወጣው። ከዚያ የግራው ቀረበ። ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ሳቀ። ክፍሉ አብሮት ሳቀ። እንደገና ሲጥ፤ እንደገና ሳቀ። ጋሽ ፈገግ በልቡ፣ እሰይ፣ አለፍኩ አለ።

በዚህ መካከል የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ከበሩ ላይ ሲስተርን በእጁ ጠራት። ተነሳች። ስትነሳ ወንበሩ ሲጥ አለ።

ጋሽ ፈገግም፣ የመጨረሻዋ ናት፣ አሳምሬ ልጨርስ ብሎ ሳቁን ለቀቀው። ጭኑን እየመታ ሳቀ። ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ እግሩን እያወናጨፈ ሳቀ። በቃሽ ሲስተር፣ ልትገይኝ ነው፣ ክሩን አንሺልኝ እያለ ለመነ። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ቀዘቀዘው፤ አብሮት የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሳቁ ጫፉ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ። አንድ ዓይኑን ከፈተ። የሲስተር ወንበር ባዶ ነው። ሲስተር ክሩን እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች።

ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ፈገግ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ማንም አልነካህም።»

ሲስተር ተመልሳ ተቀመጠች። ግራ እግሩን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው፤ ጣቷን ስታሳርፍ ነጭ ፓውደር ይዞ ተነሳ። አሸተተችው፤ የሙሽራ ሽታ ነው። ጥጥ አርጥባ ስትጠርገው ፓውደሩ ለቀቀ፤ ዳር ዳሩ የቀላች ትንሽ ቀዳዳ ብቅ አለች። ሁሉም እርስዎ ልትለው ነው ብሎ አንገቱን ሰበረ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማህ፣ ጋሼ?» አለችው።

እርስዎ ብትለው ይሻለው ነበር። ለቁጣ መልስ አያጣም፤ ይህች ጥያቄ ግን ያንን ማር አፉን ከፈተችው። ከዚያ ዘረገፈው። ሚስማሩን፣ የሰዓት ጠጋኙን ሰዓት፣ የኮቱን ኪስ፣ ጽጌረዳዋን፣ ኬኩን ሁሉ ተናገረ። እግሬ እየሳቀ ስለነበር ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ ነው አለ። ስትናገሪ ራሴን ስነቀንቅ የነበረው ላንቺ ነበር እንጂ ለእኔ አልነበረም አለ። ሲጨርስ እንደ ልጅ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ይህን ጊዜ ዳቦ ጋጋሪው እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። እሱም አይሰማውም ነበር። ባለፈው ወር ከምድጃው ፍም ዘልሎ ጫማው ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ የሚያር ነገር ሲሸተው ዳቦው ነው ብሎ ያልበሰለውን ሁሉ አውጥቶ ደርድሯል፤ ሰፈሩ ያን ቀን ሊጥ ነው የበላው። ያረረው ካልሲው መሆኑን ያወቀው ማታ ነው። ሲስተር ታዲያ ለምን ትስቅ ነበር ስትለው፣ ጋሽ ፈገግ ሲስቅ ዝም ያልኩ እንደሆነ ፈተና የምወድቅ መስሎኝ አላት።

ሲስተር ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች። ሃምሳ አለቃው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይሰማኝም» አለ። «ሁሉም ሲስቅ ትእዛዝ መሰለኝ።»

አንዱ ከኋላ ፍርፍር አለ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ በዚያ ዓመት በዚያች ክፍል የተሳቀ የመጀመሪያው የእውነት ሳቅ ሳይሆን አይቀርም። እማማ ብቻ ተቆጡ። የእኔስ የእውነት ነው፣ ከእነዚህ ውሸታሞች ጋር አትደምሪኝ ብለው እግራቸውን ዘረጉ፤ ሲስተር በጣቷ ጫፍ ብትነካቸው ሻርፓቸው እስኪወድቅ ተንፈራፈሩ፤ ስማቸውም ጸዳ።

ሲስተር ስትስቅ ቆይታ በመካከሉ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። እኔ ነኝ ከሚስቅ እግር ጋር ያጋባኋችሁ፤ እኔ ነኝ ክሩን ፈተና ያስመሰልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ጎበዝ የሚባለው ‹የለም› ማለት የሚችል ሰው ነው» አለቻቸው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመረቻቸው። አለ። የለም። የለም። አለ። ማንም ለምንም አልሳቀም፤ ከእማማ በቀር። ከጥግ የነበሩት አዳዲሶቹ ሁለት ሰዎች ሳይጠሩ ጫማቸውን አውልቀው ተራ ያዙ። አንደኛው ኪኒኑን ከተወ መሰነባበቱን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

ሐኪሙ የጋሽ ፈገግን ቁስል አጥቦ፣ አጽድቶ አየው። ጥልቅ አይደለም፣ በጊዜ መጣህ አለ፤ ጥቂት ሳምንት እንዲሁ ፓውደር እየቀባህ ብትቆይ ኖሮ ግን የምንነጋገረው ስለ ፕላስተር ሳይሆን ስለ ጣትህ ነበር አለው። የሄደው ስሜት ላይመለስ እንደሚችል፣ የቀረውን ግን ስኳሩን ከያዘው ሊያቆየው እንደሚችል ነገረው። በየቀኑ ውስጥ እግሩ መታየት አለበት። ጋሽ ፈገግ ጎንበስ ብሎ ለማየት ሞከረ፤ ሆዱ አላስጠጋውም። ሲስተርም፣ እንግዲህ ባለቤትህ ታይልሃለች፣ ዛሬውኑ ትነግራታለህ አለችው። ከሐኪሙ ቢላዋ ይልቅ የፈራው ይህንን ነው።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትሰፋለች። ቆሞ ነገራት። ስለ ሚስማሩ ሲነግራት መኪናዋን አቆመች። ስለ ጽጌረዳዋ ሲነግራት መነጽሯን አወለቀች። ትጮሃለች ብሎ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ፤ እሷ ግን ተነስታ ውኃ አሞቀች፤ ሲስተር ያለችውን ነግሯት ስለነበር በክርኗ ለካችው። ሳፋውን ይዛ መጥታ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና፣ «ስጠኝ» አለችው።

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እግሩን አስነክቷት አያውቅም። ገና ሙሽሮች ሳሉ ሌሊት ቀዝቃዛ እግሯ በስህተት ቢነካው ከአልጋ ወድቆ ክንዱ ተጋጭቷል። አሁን እግሩን አጥባ፣ አድርቃ፣ ጭኗ ላይ አሳርፋ በእጇ አገላበጠችው። ለካ እንዲህ ያለ እግር ነበረህ እንዴ፣ ጣቶችህ እንዴት አጫጭር ናቸው ብላ ቀለደችበት። በአውራ ጣቷ ውስጥ እግሩን ጫን አለችው፤ ይፈነጠራል ብላ ፊቷን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገች። አልተንቀሳቀሰም።

«አሁንስ?» አለችው።

«የለም።»

«እዚህ ጋስ?»

«የለም።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። እግሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘችውና አንገቷን ደፋች። ጋሽ ፈገግ ከላይ ሆኖ ያያል። እንባዋ ከአገጯ ወርዶ እግሩ ላይ ጠብ አለ፤ በጣቶቹ መካከል አልፎ ወደ ፎጣው ሄደ። አንዱ፣ ቀጥሎም ሌላው። አያቸዋል፤ አንዳቸውም አልተሰሙትም።

«እራት ይቅረብና» አላት፣ «ኪኒኔን አምጪልኝ።»